ቃጭሏን የዘጋሁት እኔ ነበርኩ

የቤታችን በር ጠዋት ሁለት ሰው ሳይቆጥር አይከፈትም። እንዲህ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ እኔን ይቆጥራል፣ ቀጥሎ ሐመልማልን፣ ከዚያ «ሁለት፤ ደህና ዋሉ» ይልና ይከፈታል። ሐመልማል የልጄ ልጅ ናት፤ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። እናቷ በወሊድ ስለሞተችብኝ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ሥራ ሲረፍድባት በሩ ላይ ቆማ፣ «እምዬ፣ ኧረ ተነሽና ተቆጠሪልኝ!» ትለኛለች። እኔም ነጠላዬን እየጎተትኩ ሄጄ እቆጠራለሁ።

ኮምቦልቻ ውስጥ ቃጭል የሌለው ሰው የለም። የመዝገብ ስሙ ሞደም ነው፤ ቃጭል ያለው ሕዝቡ ነው። ባንገቱ የሚያንጠለጥለው አለ፣ ክንዱ ላይ የሚያስረው አለ። በሩን የሚያስከፍተው፣ ቧንቧውን የሚያስለቅቀው፣ አውቶቡሱን የሚያስቆመው እሱ ነው። ቃጭል ደግሞ የሚሰማው የኔትወርክ ማማ ይፈልጋል። በልጅነቴ ሰው ሲተዋወቅ «የማን ልጅ ነህ?» ይባባል ነበር፤ አሁን «የየት ማማ ነህ?» ሆኗል። ከማማህ ክልል ከወጣህ፣ ሌላው ማማ በእንግድነት ካልተቀበለህ በቀር፣ በር አያይህም፣ ውሃ አያውቅህም። ቆመህ ትቀራለህ። ይህን በእንግድነት መቀበል ሮሚንግ ይሉታል። ሰው ሁሉ አለው። ደሴ ቁርሱን በልቶ አዳማ ምሳ የሚበላ ሰው በመንገዱ ስንት ማማ እንደተቀባበለው ልብም አይለው።

ሐመልማል ብቻ የላትም።

የእሷ ቃጭል ከሰው ይለያል። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስኳር አለባት። ጎኗ ላይ፣ ከቆዳዋ ሥር፣ የክብሪት ቀፎ የምታክል መድኃኒት ሰጪ አለች፤ ቃጭሉም እዚያው ውስጥ ነው። ሰዓቱን ጠብቆ መድኃኒቷን ይሰጣታል። ማማ ካጣ ግን ግማሽ ቀን ይታገስና ሥራውን ያቆማል። ደንቡ እንደዚያ ነው፤ የሚጠብቀው የሌለ መድኃኒት አይሰጥም። ስለዚህ ልጄ ካደገች ወዲህ ከኮምቦልቻ ማማ ወጥታ አታውቅም። በላይ እስከ ሐረጎ፣ በታች እስከ ደጋን፤ ማማው ባቲ ቢደርስም እኔ ከዚያ አላሳልፋትም። ጓደኞቿ ወደብ ደርሰው ሲመለሱ ደጋን ላይ ቆማ ትቀበላቸዋለች።

«ያረጀ ቃጭል ነው ልጄ፣ ሮሚንግ የለውም» እላታለሁ። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲሁ አልኳት።

ውሸት ነው። አለው። የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። ሰኞ ቀን ባቲ ገበያ ይዣት ወረድኩ። ባቲ የእኛ የደጋው ማማና የቆላው ማማ የሚዋሰኑባት ከተማ ናት፤ ወሰኑ ገበያውን መሐል ለመሐል ይከፍለዋል። ሻሽ ልገዛላት ወደ ቆላው ወገን ተሻገርን። ቃጭሏ ያለምንም ችግር እዚያ ማማ ገባ፣ እሷም እየሳቀች ግመል ታያለች። ቀትር ላይ ግን እጇ ከእጄ ሾለከ። ስዞር አፈር ላይ ናት። ላቧ ልብሷን አጥቦታል፣ ዓይኗ እኔን አያይም። አንዲት የቆላ ሴት ሮጣ መጥታ ተምር አኝካ በጣቷ ድዷን ባታሽላት ኖሮ... ይቅር፣ ይህን መጻፍ አልችልም። ጤና ጣቢያ «ማማ ሲቀያየር የሆነ ነገር ተሳስቶ ይሆናል» ብለው መድኃኒት ሰጪውን ሙሉ ቀን አቆሙት፤ በማግሥቱ ከፍተው ሸኙን። የሆነ ነገር! ልጅ ያላት ሴት «የሆነ ነገር» ሰምታ እንዴት ትተኛለች?

በሦስተኛው ቀን ዘጋሁት።

መዝጋቱን የማውቀው ከድሮ ሥራዬ ነው። ትምህርቴ አሥረኛ ክፍልና ሁለት ዓመት ቴክኒክና ሙያ ነው፤ በወጣትነቴ ገጠር ለገጠር በተተከሉ የውሃ ፓምፖች ላይ እሠራ ነበር። ፓምፖቹ ውስጥ ሞደም አለ፤ ቢሮ ቁጭ ብለን በስልክ ጽሑፍ እናዛቸዋለን። ሁለት ፊደል ትልክለታለህ፣ ኤ እና ቲ። ሰው ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» እንደሚለው ማለት ነው። ውስጥ ካለ «ኦኬ» ይላል። ከዚያ የፈለግከውን ታዘዋለህ። አሁን ሰዉ ሁሉ ለዕቃው በአፉ ነው የሚያወራው፤ ዕቃውም አንድ ነገር ለማድረግ አሥር ፈቃድ ይጠይቃል። የጽሑፉ በር ግን እስካሁን አልተዘጋም። የሚያንኳኳው ስለጠፋ መዝጋቱን ያስታወሰ የለም። እኔ ባለ ቁልፍ ስልኬን ከሣጥኔ አወጣሁና አንኳኳሁ። ሮሚንግ ዜሮ ከሆነ ከቤት አይወጣም፤ ሁለት ከሆነ የተቀበለው ማማ ሁሉ ቤቱ ነው። ዜሮ አደረግኩት። የምስጢር ቃሉን የእናቷን ስም አደረግኩት። የራሴንም ቃጭል አብሬ ዜሮ አደረግኩ፤ ልጄ የማትሄድበት አገር እኔ ምን ልሠራ?

እንዲህ አድርገን ኖርን። መጥፎ ኑሮ አልነበረም፤ ይህንንም መናገር አለብኝ። እሷም እንደኔ የውሃ ሰው ሆነች፤ የጉድጓድ ባለሙያ። እስከ ዘንድሮ ጥር፣ እስከ ሁለት ሺህ ሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት ድረስ ኑሯችን ይኸው ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት አልጋዋን ላነጥፍ ትራሷን ሳነሣ መርፌ አገኘሁ። አሥራ ሁለት መርፌ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ታውቂዋለሽ» አለች ፀጉሯን እየሠራች።

«ሐመልማል!»

«ቆላ፣ ዱብቲ ሥራ አግኝቻለሁ እምዬ። የተምር እርሻዎቹን ጉድጓዶች እንድጠብቅ። ደብዳቤው ከመጣ ወር አለፈው። ሰኞ ከመምሸቱ በፊት እዚያ ማማ ላይ ካልተመዘገብኩ ቦታው ለሌላ ሰው ነው።»

«ቃጭልሽስ?»

«ያረጀ ነው አይደል? ባቲን ሳልፍ ይሙታ። በእጄ እወጋለሁ። ድሮ ሰው ሁሉ በእጁ ነበር የሚወጋው፤ አንቺው ነሽ የነገርሽኝ።»

«ድሮ የሚያውቁ ነበሩ! ስንት እንደምትወጊ ማን ይነግርሻል? ተኝተሽ ስኳርሽ ቢወርድብሽስ?»

«እግዜር አለ።»

«እግዜርን በመርፌ አትፈታተኚው!»

ሳቀች። ሳቋ አስፈራኝ፤ የቆረጠ ሰው ሳቅ ነው። መርፌዎቹን ከእጄ ወስዳ አንድ በአንድ ቦርሳዋ ውስጥ ስትደረድር አየኋት። ልጄ እየሄደች ነበር። ጥያቄው በሕይወት መሄዷ ላይ ብቻ ነበር።

«ሮሚንግ አለው» አልኩ።

«ምኑ?»

«ቃጭልሽ። አለው። የዘጋሁት እኔ ነኝ። ከባቲ በተመለስን በሦስተኛው ቀን።»

መጀመሪያ ቀልድ መሰላት። ፊቴን ስታይ ማበጠሪያዋን አስቀመጠች።

«ከትምህርት ቤት ጓደኞቼን ሐይቅ ሊያሳዩ ሲወስዷቸው፣ እኔ እዚህ ወለል ላይ ተቀምጬ ሳለቅስ፣ ራሴን ትዳብሺኝ ነበር።»

«አዎ።»

«እያወቅሽ።»

«አዎ።»

ሌላ አልጠየቀችኝም። ቦርሳዋን አንጠልጥላ በሩ ፊት ቆመች። በሩ «አንድ» አለና ዝም አለ። ሌላ ሰው ይጠብቃል። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ «ተቆጠሪ» አለችኝ። እምዬ የለም፣ እባክሽ የለም። ተነሥቼ አጠገቧ ቆምኩ። «ሁለት፤ ደህና ዋሉ» አለ በሩ በዚያ በማያልቅበት ትሕትናው፣ እሷም ወጣች።

የዚያን ቀን ግድግዳውን ሳይ ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ ተመለሰች። ቀጥ ብላ ወደ ሣጥኔ ሄዳ ባለ ቁልፉን ስልክ አወጣችና ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

«ሰኞ አብረሽኝ ትወርጃለሽ። ያሰርሽውን አንቺው ትፈቺዋለሽ።»

«እዚሁ ልክፈትልሽና...»

«አይሆንም። እዚያ ቦታ ላይ። እንዳልወድቅ በዓይንሽ እያየሽ። አለዚያ ዕድሜሽን ሙሉ ስታስቢ ትኖሪያለሽ።»

ተቆጥታም ለእኔ ታስባለች። ይህን ማን እንዳስተማራት አላውቅም።

ሰኞ ጠዋት ባቲ ገባን። ገበያው ያው ገበያ ነው፤ ግመሎቹ ሳይቀሩ ቃጭል አላቸው፣ የራሳቸውም ማማ አላቸው ይባላል። ወሰኑ ላይ፣ በደጋው ወገን፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ከረጢቴ ውስጥ ሁለት ኪሎ ተምር አለ። ሐመልማል አይታ፣ «ገበያ ልትውዪ ነው እንዴ?» አለችኝ። ከቅዳሜ ወዲህ የመጀመሪያ ቀልዷ ነው።

ስልኬን አወጣሁ። ኤ፣ ቲ። ኦኬ። የእናቷን ስም ጻፍኩ። ኦኬ። ሮሚንጉን ሁለት አደረግኩ። ኦኬ። አሥራ ስድስት ዓመት የቆለፍኩት ነገር እኔ አንድ ብርጭቆ ውሃ በማልጨርስበት ጊዜ ተከፈተ። ሐመልማል ወሰኑን ተሻግራ ቆመች። የት እንዳለ ቃጭሉን ጠየቅኩት። መልሱ ቁጥር ነው፤ አንድ ካለ ቤቱ ነው፣ ሁለት ካለ ማማ እየፈለገ ነው፣ ሦስት ካለ ከልክለውታል፣ አምስት ካለ ከቤቱ ውጪ ሆኖ ተቀብለውታል።

ሁለት አለ። ጠበቅን። ሁለት። ጠበቅን።

ሦስት።

እውነቱን ልናገር፤ ልቤ ውስጥ አንዲት ክፉ ደስታ ብልጭ አለች። «በቃ እምቢ ብለውናል፣ እንመለስ» ልል አፌን ስከፍት፣ ከማማው ሥር ካለው የሰሌን ቤት አንዲት ሴት ወጣች። የቆላው ማማ ጠባቂ ናት፤ ስሟ ሞሚና፣ ዕድሜዋ አርባ የሚሆን፣ ቀጭን ረጅም።

«ማማው ይህችን ልጅ ያውቃታል» አለች። «ድሮ እንግዳ ሆና ወድቃለች ይላል። የወደቀ እንግዳን ዳጉ ሳንሰማ አናስገባም። ኑ፣ ተቀመጡ።»

ዳጉ የአፋር የወሬ ሕግ ነው። መንገድ ላይ የተገናኙ ሰዎች ቁጭ ብለው ያዩትን የሰሙትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይነጋገራሉ። ማማ ቢተከልም ዳጉ አልቀረም፤ ማማውን ነው ዳጉ ያስተማሩት። እኔ ግን ከሰሌን ቤቱ ጥላ መግባት ፈራሁ። ለመግባት ወሰኑን ማለፍ አለብኝ። ሐመልማል እጇን ዘረጋችልኝ። ያዝኩና አለፍኩ። ወዲያው አንገቴ ላይ ያለው ቃጭል ጭር አለ፤ ሞሚና ቤት ደጅ ያለው ቧንቧ እጄን ዘርግቼለት ጠብታም አልሰጠኝ።

«አንቺም ተዘግተሻል?» አለች ሐመልማል።

«አንቺ በሌለሽበት እኔ...»

«ኧረ እምዬ!» አለችና ሳቀች። «እምዬ» አለችኝ። ውሃውን ረሳሁት።

ሞሚና ውሃዋን ራሷ ቀድታ ሰጠችኝና፣ «ንገሪኝ፣ እናቴ» አለች። ነገርኳት። ሻሹን፣ ግመሉን፣ ላቡን፣ ተምሩን። መሐል ላይ እጇን አነሣች።

«ቀይ ቀሚስ የለበሰች የደጋ ልጅ» አለች። «ይህ ወሬ ያኔ እስከ አሳይታ ከተማ ደርሷል፤ እዚያ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። ቀይ ቀሚስ የለበሰች የደጋ ልጅ፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች ወደቀች፤ በተምር ተነሣች። ልክ ነው?»

«ልክ ነው። ቀይ ነበር።»

«ቃጭሉስ የዚያን ቀን ምን ይላል? እሱም ዳጉ አለበት።»

ይህን አስቤው አላውቅም። ፓምፖቻችን የቀን መዝገብ ነበራቸው፤ ሲበላሹ መጀመሪያ የምናየው እሱን ነው። ልጄ ስትወድቅ ግን ፓምፕ አይደለችማ፤ ፈራሁ፣ ዘጋሁ፣ አላየሁም። አሁን ጻፍኩለት። መዝገቡን ላከ። የዚያ ሰኞ መስመር እንዲህ ይላል፦ የማታ መድኃኒት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ተሰጠ።

«ይሄ ውሸት ነው» አልኩ። «የዚያን ማታ ጤና ጣቢያ ተኝታ ነበር፤ መሣሪያውም ቆሟል። ማታ ምንም አልሰጣትም።»

ሐመልማል ስልኩን ወስዳ ደጋግማ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ ሞሚናን፣ «የእናንተ ማማ ሰዓት የሚቆጥረው ከመቼ ነው?» አለቻት።

«ከእኩለ ሌሊት። ወደብ ላይ መርከቦቹ እንደሚቆጥሩት። የእናንተስ?»

«ከንጋት።»

ሞሚና በቀስታ ጣቷን ወደ አናታችን ቀሰረች። «ፀሐይ እዚህ ስትሆን የእኛ ማማ አሥራ ሁለት ይላል።»

ገባኝ። ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ ገባኝ። ቃጭል እንግዳ ሲሆን ሰዓቱንም ከተቀበለው ማማ ነው የሚወስደው። የልጄ ቃጭል በቀትር አሥራ ሁለት ሲባል የመሸ መስሎት፣ ለእራትና ለሌሊት የተመደበውን መድኃኒት በባዶ ሆዷ ለቀቀባት። ክፉ ማማ አልነበረም፣ ክፉ አገርም አልነበረም። ሁለት ጎረቤቶች የሰዓት አቆጣጠራቸውን ሳይጠያየቁ ቀርተው ነው ልጄ መሐላቸው የወደቀችው።

«ፓምፕ ቢሆን በአንድ ቀን ታገኚው ነበር» አለች ሐመልማል፣ እንደ ወቀሳም እንደ ማጽናናትም አድርጋ።

«ፓምፕ ቢሆን እጄ አይንቀጠቀጥማ።»

ለዚህ አንድ ትእዛዝ አለ፤ ድሮ ወሰን አጠገብ ላሉ ፓምፖች እንጽፈው ነበር። ከሰው ማማ ሰዓት አትውሰድ፣ የቤትህን ያዝ ማለት ነው። ጻፍኩት። ኦኬ። ሞሚና ተነሥታ ወደ ማማው ሄደች፣ የሰማችውን በቋንቋዋ ነገረችው። ተመልሳ፣ «አሁን ጠይቂው» አለች።

ጠየቅኩት። አምስት።

ተቀብለዋታል። እኔ ግን አላለቀልኝም። ቀትር አልደረሰም ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን አንድ ሰዓት እንዴት እንዳሳለፍኩት ሐመልማል ትንገራችሁ፤ ተምሩን አንድ በአንድ ፍሬውን አውጥቼ በመዳፌ ደርድሬ ፊቷን ሳይ ነበር። «እምዬ፣ እንዲህ ስታፈጪብኝ ጤነኛም ይወድቃል» ትለኛለች። ሞሚና ትስቃለች። የማማው ምሰሶ ጥላ አጠረ፣ አጠረ፣ ከሥሩ ገባ። የሐመልማል ጎን ጢክ አለ። ስልኬ ላይ መስመር ወጣ፦ የቀትር መድኃኒት፣ ስድስት ሰዓት፣ ተሰጠ።

የቀትር። ስድስት ሰዓት።

ምሳዋን በላች። ሩብ ሰዓት ጠበቅኩ፣ ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ። ላብ የለም። ጉንጯ እንደ ጉንጭ ነው። ያፀዳሁትን ተምር ሦስታችን በላነው።

የዱብቲ አውቶቡስ ሲመጣ ሐመልማል ቦርሳዋን ከፍታ በጨርቅ የተጠቀለሉትን መርፌዎች ሰጠችኝ። ከዚያ ባለ ቁልፉን ስልክ ከእጄ ወሰደችና አንገቴ ላይ ወዳለው ቃጭል እያየች መጻፍ ጀመረች። አጻጻፏ ከእኔ ይፈጥናል፤ አንድ ጊዜ አይታ ነው የያዘችው።

«ለአንቺም ሁለት አደረግኩት። ሰዓትሽንም አስጠብቄዋለሁ። ዱብቲ ስትመጪ በር አይዘጋብሽም።»

«ማን ይመጣል አለሽ?»

«የማይመጣ ሰው ሁለት ኪሎ ተምር አይሸከምም።»

አውቶቡሱ ቆጠራት፣ ስሟን ጠራ፣ «እንኳን ደህና መጣሽ እንግዳ» አላት፣ በሩን ከፈተላት። እስኪጠፋ ቆሜ አየሁት። ከዚያ ወደ ቧንቧው ሄጄ እጄን ዘረጋሁ። ሞቅ ያለ የቆላ ውሃ ወረደልኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ነጠላዬን ለብሼ በሩ ፊት ቆምኩ። «አንድ» አለና ዝም አለ። ይጠብቃል፤ ሁለት ካልሞላ እንዳይከፍት ያዘዝኩት እኔ አይደለሁ እንዴ? መቼም ቤቴ ውስጥ የታሰርኩት በራሴ ቃል ነው። ስልኬን አወጣሁ። ኤ፣ ቲ። ኦኬ። የቤቱን ሰው ቁጥር አንድ አደረግኩና ላክሁ። ጣቴ ቁልፉ ላይ ትንሽ ቆየ፣ አልዋሽም።

«አንድ፤ ደህና ዋሉ» አለና ተከፈተ።

ከመውጣቴ በፊት ሌላ አንድ ጥያቄ ጻፍኩ፣ ወደ ዱብቲ፣ ለሐመልማል ቃጭል። መልሱ ጫማዬን ሳልጨርስ መጣ። ቁጥሩ አንድ አልነበረም፣ ሁለትም አልነበረም። ጮክ ብዬ ለበሩ አነበብኩለት፤

«አምስት።»